ጥቁር ቀለምና የጓደኛዬ ጆሮ

አባቴ የሚገርፈኝ በመኪና ቺንጋ ነበር። ጫት የሚጭንበት መኪና ቺንጋ፣ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ አርጅቶ ሲበጠስ ሾፌሩ አውልቆ ጣለው፤ አባቴ አነሳውና ቤት አምጥቶ ከበሩ ጀርባ ምስማር መትቶ ሰቀለው። በገበያ ቀን ቦኬ ሄዶ ከገበሬ ጫት ይገዛል፣ ጭሮ አምጥቶ ያስጭናል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ እጁ ፈጣን ነው። እናቴ የጫማውን ኮቴ ብቻ ሰምታ ዛሬ ማን እንደሚመታ የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ጭሮ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ተማሪ ነበርኩ ማለት ስሜ መዝገብ ላይ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ እወጣለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ከጫት ጫኞች ጋር ተቀምጬ እቅማለሁ፤ ተማሪ ሲለቀቅ ከመሀላቸው ገብቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት ስመለስ አባቴ በሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። እጁ ላይ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ወረቀት ነበር።

«አማርኛ ማንበብ አይሆንልኝም» አለኝ በቀስታ። «ተማሪው አንተ ነህ። አንብብልኝ።»

ተቀበልኩት። በጥቁር እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ፊደሉ አንድ በአንድ ተነጥሎ፣ የጻፈው ሰው እጁን ለመደበቅ እንደሞከረ ያስታውቃል። ፊርማ የለውም። «ልጅዎ ትምህርት ቤት አይውልም። ከመናኸሪያ ጀርባ ሲቅም ነው የሚውለው። ቦታውን የሚፈልግ ስንት ሰው እያለ እሱ ይቀልድበታል» ይላል።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና አቆምኩ።

«ቀጥል» አለ። ቀድሞ ለሰው አስነብቦት ነበር። ይህ የገባኝ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ከኋላዬ ሲዘጋው ነው።

«ዛሬ ከእጄ ማን እንደሚያስጥልህ አያለሁ!»

የመጀመሪያው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አንገቴን ዞሮ ጉንጬን ላጠው። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም። ወለሉ ላይ ተኝቼ ጭንቅላቴን በክንዶቼ ሸፈንኩ፤ ክንዶቼን መታ። እናቴ ከጓሮ ሮጣ ገብታ በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሲ! ዲሲ! ተው! ልትገድለው ነው?» እያለች መሀላችን ስትገባ ቺንጋው እጇ ላይ አረፈ፤ አንጓዋ ወዲያው አበጠ። ታላቅ እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ለእኔ አዝና ነው ብዬ አሰብኩ።

ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ስለነበር እናቴ በለብ ያለ ውኃ እያራሰች ነው ያላቀቀችው። ወረቀቱን አባቴ ፊቴ ላይ ጥሎት ወጥቷል። አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ክፍሉ በሙሉ በሰማያዊ ሲጽፍ በጥቁር የሚጽፈው እሱ ብቻ ነበር፤ አባቱ ከሱቁ የሰጠው አንድ ጥቁር እስክሪብቶ ነበረው፤ ዓመቱን ሙሉ ከእጁ አልጠፋም። ከሳምንት በፊት ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንዲህ ከቀጠልክ ለአባትህ ነው የምነግረው» ብሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው። ሳቁን ረሳሁት፤ ቃሉን ያዝኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲወርድ ድልድዩ ጋ ጠበቅሁት። መራመድ ያመኝ ነበር። እጄ ውስጥ የቡጢ ያህል ድንጋይ ይዣለሁ። እሱ ፊቴን አይቶ ደነገጠና ወደ እኔ ሮጠ።

«ምን ሆነህ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«አንተ ነህ!» አልኩትና መታሁት።

ድንጋዩ ከግራ ጆሮው በላይ አረፈ። ጮኸ። «ለምን ጻፍክ?» እያልኩ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ጆሮው ላይ ነው። ወደቀ። በጫማዬ ሆዱን፣ ጎኑን መታሁት። ተጠቅልሎ «ምኑን? ምኑን ጻፍኩ?» ይላል። ከበውን የነበሩት ልጆች ግማሾቹ ያፏጫሉ፣ «ጨምርለት!» የሚሉም ነበሩ። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ይለኝ ነበር። ጀርባዬ ላይ ያለው ሕመም በእግሬ በኩል እየወጣ ወደ እሱ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አጥፋ ጭንቅላቴን እየደበደበች እስክታባርረኝ አላቆምኩም። ዞር ብዬ ሳይ ከጆሮው ደም በአንገቱ እየወረደ ነበር።

ወሬው ለአባቴ ደረሰው። ቤት ሲገባ ለሁለተኛ ጊዜ ልገረፍ ነው ብዬ ጥግ ያዝኩ። እሱ ግን አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ጨበጠኝና ሳቀ።

«አንድ ለአንድ? በቡጢ?»

«በድንጋይ።»

«ጎበዝ» አለኝ። «ነገር የሚያመላልስ እንዲህ ነው የሚያስፈልገው።»

በሕይወቴ አባቴ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እጁ ያረፈው ቁስሌ ላይ ስለነበር ያቃጥለኛል፤ ግን እንዲያነሳው አልፈለግሁም።

ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶ መጣ። ለአባቱም ለሐኪሙም ባጃጅ ገጨኝ ብሎ ነበር። ግራ ጆሮው ውስጥ ጥጥ አለ። ከእኔ ዴስክ ተነሥቶ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከግርፋቱ ወዲህ ክፍል አልቀርም ነበር፤ አባቴ ራሱ በር ድረስ ያደርሰኛል።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን በዚያ ዓመት የመጣች ቀጭን ወጣት ሴት ነበረች። ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል መስኮቱ የተሰበረ፣ ቧንቧው የደረቀ ነው። እሷ ግን አንድ ቀን ማጣሪያ ወረቀት፣ የሻይ ብርጭቆዎችና ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሳኒታይዘር ይዛ ገባች። ወረቀቱን እንደ ጣት ቀጭን አድርጋ ቆረጠች። ከታች ጥቂት ከፍ አድርጋ በእርሳስ መስመር አሰመረች።

«ለምን በእርሳስ? እርሳስ በአልኮል አይሟሟም፣ ካሰመርንበት አይነቃነቅም» አለች። «አሁን ጥቁር እስክሪብቶ ያለው?»

ማንም የለውም። ሁሉም ወደ ጓደኛዬ ዞረ። እሱ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።

«አንተ፣ እስክሪብቶህን ታውሰኛለህ?»

አልሰማም። ደግማ ጠራችው፤ አልሰማም። ክፍሉ ሳቀ። አጠገቡ ያለው ሲነካው ቀና ብሎ መላ ፊቱን አዙሮ በቀኝ ጆሮው አዳመጠና እስክሪብቶውን ሰጣት። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን በፊት ጥጡ ለቁስሉ ነው፣ ነገ ይወጣል ብዬ አስብ ነበር።

መስመሩ ላይ በእሱ እስክሪብቶ ነጥብ አደረገች። በሌላ ወረቀት ላይ በራሷ ጥቁር እስክሪብቶ እንዲሁ። ጫፋቸው ብቻ አልኮሉን እንዲነካ፣ ነጥቡ ግን ከፈሳሹ በላይ እንዲሆን አድርጋ ብርጭቆዎቹ ውስጥ አቆመቻቸውና ከደነቻቸው። ከበን ቆምን። ፈሳሹ ወረቀቱን እያራሰ ወጣ፤ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ጥቁሩን ይዞት ተነሣ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የጓደኛዬ ጥቁር ተከፋፈለ፦ ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ የሚመስል ሮዝ። የእሷ ደግሞ ሐምራዊ ብቻ ሆኖ ከታች ግራጫ ቀረው።

«ጥቁር አንድ ቀለም አይደለም፣ ድብልቅ ነው» አለች። «ከፈሳሹ ጋር ቶሎ የሚሟሟው ርቆ ይሄዳል። ወረቀቱን አጥብቆ የሚይዘው ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱም ለዓይን ጥቁር ናቸው። ፋብሪካቸው ግን የተለያየ ነገር ነው የቀላቀለው። እንዲህ ካልለያየናቸው አናውቅም።»

ሌላው ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ደብዳቤው ከተገረፍኩበት ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ቲቸር፣ ከደረቀ በኋላም ይሠራል? ሳምንታት የሆነው ጽሑፍ ላይ?»

አየችኝና እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። «ላንብበው ወይስ አላንብበው?»

«አያንብቡት።»

ገልብጣ ያዘችውና ከታች አንዲት ቃል ያለችበትን ቀጭን ቁራጭ ቆረጠች። ከዚያ ምንም ካልተጻፈበት ጠርዝ ሌላ ቁራጭ ቆረጠች፤ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ካልሆነ ማወዳደር አይቻልም አለች። ጓደኛዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ነበር፤ በእሱ ነጥብ አደረገችበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የደብተር ወረቀት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

የእሱ እንደቅድሙ ሰማያዊና ሮዝ ሆነ። የደብዳቤው ሐምራዊ ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ ቢጫ ተከተለው። ሰማያዊ የሚባል የለበትም።

«ማን እንደጻፈው ይህ አይነግርህም» አለች። «ልጁ ሌላ እስክሪብቶ ሊኖረው ይችላል። እኔ የምልህ፣ በዚህኛው አልተጻፈም።»

ሌላ እስክሪብቶ አልነበረውም። ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ልጁን የመታኸው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። «ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ለመጠየቅ የፈራሁት እኔ ነኝ። ሂድና ንገረው።»

መሄድ የነበረብኝ ወደ እሱ ነው። ግን ሌላ ሰው መምታት አማረኝ። ጥፋቴ ሁሉ ወደዚያ ወደማላውቀው ሰው ዞረ፤ ባገኘው እገድለዋለሁ እያልኩ ነው ቤት የደረስኩት። ከማን እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከቤት ጀመርኩ። አባቴ እስክሪብቶ የለውም፣ እናቴ አትጽፍም። እህቴ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አባቴ ከትምህርት አስወጥቷት ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራ ነበር፤ ክርና ሜትር የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የደንበኛ ልክ የምትጽፍበት እስክሪብቶ አገኘሁ። ጥቁር ነው። ከጥርጣሬ ላወጣት ብዬ ነው እንጂ ጠርጥሬያት አይደለም። ከደብዳቤው የቀረውን ጠርዝ ቆርጬ በእስክሪብቶዋ ነጥብ አደረግሁ፤ እናቴ ያስቀመጠችውን ሳኒታይዘር በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ አቆምኩት።

ሐምራዊ። ከሥሩ ቢጫ።

እህቴ ከሥራ ገባች። ብርጭቆውን አየች፤ እስክሪብቶዋን አየች፤ የተቆራረጠውን ደብዳቤ አየች። ይህ ቀለም ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

በጥፊ መታኋት። ከበሩ ጋር ተላተመች። ሹሩባዋን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳትና «ዛሬ ከእጄ ማን ያስጥልሻል!» ስል ድምፁ የእኔ አልነበረም። ያ ቃል ከየት እንደመጣ ሁለታችንም አወቅን። እሷ ግን አላለቀሰችም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ትልቁን መቀስ አንስታ ደረቴ ላይ ቀሰረችው።

«ልቀቀኝ። ድገመኝና ወላሂ እወጋሃለሁ።»

ለቀቅኋት።

«አንተ እንድትማር ነው እኔን ያስወጡኝ» አለች። ከንፈሯ ይደማል። «አንድ ቀን መርፌ ልገዛ መናኸሪያ በኩል ሳልፍ አየሁህ። ጉንጭህን ሞልተህ ትስቃለህ። እኔ ደብተርህን እንኳ ተደብቄ ነው የማነበው! ሁለት ጥፊ መትቶህ ትምህርትህን ትይዛለህ ብዬ ነበር። እንዲያ ያደርግሃል ብዬ አላሰብኩም።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ዋሸሁ። አስቤ ነበር። ሲመታህ የመጀመሪያዎቹ ላይ ደስ ብሎኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

በሩ ላይ አባቴ ቆሞ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም፤ የበቃውን ያህል ሰምቷል።

«የቤቴን ገመና ጽፈሽ በበር ሥር የምታስገቢው አንቺ ነሽ?»

ቺንጋውን ከምስማሩ አወረደ። የመጀመሪያውን ፊቷ ላይ አሳረፈው። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ሁለተኛውን ሲያነሣ ጫፉን ያዝኩት። ይህን ያደረግሁት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ እጄ ቀድሞኝ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ለአፍታ በግርምት አየኝ። ከዚያ በቡጢ አፍንጫዬን መታኝ። ሲሰበር ሰማሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደሜን ስውጥ እሱ እንደገና ወደ እህቴ ሄደ።

እናቴ ጓሮ በርበሬ ትወቅጥ ነበር። ዘነዘናውን እንደያዘች ነው የገባችው። እስከዚያ ቀን መሀል ስትገባ ባዶ እጇን ነበር። አንድም ቃል ሳትናገር በሁለት እጇ አንስታ ቀኝ ትከሻው ላይ አሳረፈችው። እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። አባቴ ቺንጋውን ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሕመሙ ሳይሆን ማን እንደመታው ማየቱ ነው አፉን ያስያዘው።

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ማንንም አይመታም» አለች። በርበሬው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እንባዋ ይወርዳል። «አንተም!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አይቼሃለሁ ሹሩባዋን ስትይዝ። አንተም!»

ከዚያ ወደ ጎረቤት ወጥታ ወጌሻ አስጠራች። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ ከመኪና ላይ ወደቅሁ አለ።

በማግስቱ አፍንጫዬ እንዳበጠ ወደ ጓደኛዬ አባት ሱቅ ሄድኩ። ደብተር በደርዘን እያሰረ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ባጃጅ አይደለም የገጨው። እኔ ነኝ በድንጋይ የመታሁት።»

ገመዱን አስቀመጠ። «ለምን?»

«ለአባቴ ደብዳቤ የጻፈብኝ መስሎኝ።»

«ጽፏል?»

«አልጻፈም።»

«አባትህ መምታትህን ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ምን አለህ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ጎበዝ አለኝ» አልኩት።

ከባንኮኒው ዞሮ ወጣ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢመታኝ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን በአጠገቤ አልፎ ወደ ውስጥ ተጣራ። ጓደኛዬ ወጣ። ወረቀቱን፣ አልኮሉን፣ ቀለሙን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ጭንቅላቱን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኔ እንዳልጻፍኩት ለማወቅ ኬሚስትሪ አስፈለገህ?» አለኝ።

«ይቅር በለኝ።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ጠይቄህ ነበር...»

«እየመታህ ነው የጠየቅከኝ።»

አባቱ መሀል ገባና ለምን ባጃጅ ነው ብሎ እንደዋሸው ጠየቀው። «አንተ እውነቱን ብትሰማ እነሱ ቤት ትሄድ ነበር» አለ ጓደኛዬ። «የእሱ አባት ደግሞ ምን እንደሚያደርግህ አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም ጀርባውን አይቼዋለሁ።» ይህን ብሎ ተመልሶ ገባ።

በሌላው ቀን እናቴ አብራኝ ሄደች። ሰውዬው ወንበር ሰጣት። ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱ ደግሞ የእጇን አንጓ እያየ «እርስዎ ምን አጠፉ?» አላት። ከዚያ ብዙ ያወሩት የለም። ልጁን ድሬዳዋ ወስዶ አሳየው፤ የግራው ከእንግዲህ አይሰማም ተባለ። ጓደኛዬ ወደ ዴስካችን አልተመለሰም። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በአንድ ክፍል ተማርን። ሲያገኘኝ እጁን ያነሣልኛል፣ እኔም አነሣለሁ። ከዚያ የሚያልፍ ነገር በመሀላችን አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር።

አባቴ ትከሻው እስኪድን ቦርደዴ ከተማ ዘመድ ዘንድ ከርሞ መጣ። ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ይሳደባል፣ በር ይደበድባል። ግን ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይነሣም፣ እናቴም ከእንግዲህ ከፊቱ ዞር አትልም። እኔም እህቴን ይቅርታ የጠየቅኋት ቶሎ አይደለም፤ ወራት ፈጅቶብኛል። እሷ ቀድማኝ ጠየቀችኝ።

በቀጣዩ መስከረም እናቴ ማንንም ሳታስፈቅድ እህቴን የማታ ትምህርት አስመዘገበቻት። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነበር። ዩኒፎርሟን ራሷ ሰፋችው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ሳትገባ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት፤ ሲለቀቁ ደግሞ ልቀበላት ሄድኩ። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። እንዴት ነበር ስላት የሒሳብ አስተማሪው በጣም አሳንሶ ይጽፋል፣ ነገ ፊት ካልተቀመጥኩ አይታየኝም አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ ጽሕፈት እያማረረች ወደ ቤት ሄድን።